በሕልም የተከሰሰችው ሚስት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለማሳጠር የሰጠሁትን ሱሪ ልወስድ ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዘንድ ጎራ አልሁ። ሰውየው የስፌት መኪናው ላይ አንገቱን ደፍቶ ያንኮራፋል። ስጠራው ብንን ብሎ ሱሪውን አቀበለኝ። አንደኛው እግር ከሌላው በአራት ጣት ያጥራል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር» አለ ዓይኑን እያሻሸ። «ልቤ እዚህ የለም። ዛሬ ሚስቴን ወደ ወንድሟ ቤት ልሸኛት ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ትዳር በቃ!»

ደንግጬ በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ። «ምን አጠፋች?»

ከጨርቆቹ ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ማዶ ያለው ፋርማሲ ማኅተም አለበት። በሚስቱ እጅ የሌሊት ሰዓቶች ተጽፈውበታል፤ ስድስት ከሩብ፣ ሰባት ከሃያ፣ ዘጠኝ ተኩል። ከእያንዳንዱ ጎን ሌላ ቁጥር አለ።

«ከትራሷ ሥር ነው ያገኘሁት። ትራሷ ደግሞ ሳሎን ነው፤ መኝታ ከለየች ሦስት ሳምንቷ። የሚገናኙበት ሰዓት ነዋ! ያ የፋርማሲው ጎረምሳ፣ ባለፈች ቁጥር ‹እትዬ፣ እትዬ› የሚላት።»

«በዕድሜ እኮ ልጃችሁ ይሆናል።»

«ሕልሜስ? ሌሊት እየመጣ ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ፊቱን ለይቼዋለሁ። ሕልም እንዲሁ አይመጣም!»

በዚያ ቤት ቀኑ የሚጀምረው በባልየው ሕልም እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በሕልሙ ሚስቱ ከሰው ጋር ስትስቅ ካየ፣ ሴትዮዋ ቁርስ ሳትቀምስ ስለዚያ ሳቅ መልስ ትሰጣለች። ክፉ ሰው አይደለም። ቅናት ግን አንድ ምስክር ካገኘ ምስክሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ከበሩ ላይ ሆኜ ወጣቱን ፋርማሲስት በእጄ ጠራሁት። ከመግባቱ በፊት መቀሱን አንስቼ ከኋላዬ አስቀመጥሁ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን አገኙት? እሰይ!» አለ ልጁ።

«ይባስ ብሎ ይደሰታል!»

«ሰዓቶቹ እኮ እርስዎ ተኝተው ትንፋሽዎ የቆመባቸው ናቸው። ጎናቸው ያለው ቁጥር ስንት ሰከንድ እንደቆየ ነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ ይመልከቱ፣ አርባ አንድ ሰከንድ። እትዬን መዝግበው ያምጡልኝ ያልኋቸው እኔ ነኝ።»

«የእኔ እንቅልፍ የድንጋይ ነው! አባቴም ያንኮራፋ ነበር። የሚያንኮራፋ ሰው እንቅልፍ ጠግቦ ይተኛል።»

«የጠገበ ሰው ታዲያ በጠራራ ፀሐይ የስፌት መኪና ላይ ያንቀላፋል?»

እኔ አጭሩን የሱሪ እግር ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

«የሚያንኮራፋ ሁሉ ታማሚ አይደለም» ሲል ልጁ ቀጠለ። «ትንፋሹ እየተቆረጠ በቀን የሚያንቀላፋ ግን መመርመር አለበት፤ ሲቆይ የደም ግፊት ያመጣል፣ ልብንም ይጎዳል። እንቅልፍ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም ጋሼ። መጀመሪያ ቀላሉ አለ፤ በር ሲንኳኳ የሚነቁበት። ቀጥሎ ከባዱ፤ ሰውነት የሚታደስበት። ከዚያ ሕልም የሚበዛበት ይመጣል። ዓይን ከሽፋኑ ሥር ይሯሯጣል፣ እጅና እግር ግን ይዝላል፤ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንዳንወድቅ። ይህ በሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይመላለሳል። የእርስዎ ጉሮሮም ያን ጊዜ ይበልጥ ይላላና አየሩ ይዘጋል። አየር ያጣ አንጎል በሕልሙ አናቂ ቢፈጥር ይገርማል?»

«ፊቱ ግን ያንተ ነው!»

«ቀኑን ሙሉ በመስኮት አፍጥጠው የሚያዩት የእኔን ፊት ነው። ሕልምዎ ሌላ ከየት ያምጣ?»

 በዚህ መሐል የልብስ ሰፊው ሚስት ሻንጣዋን ይዛ ገባች። ዓይኖቿ በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል።

«የቤቱን ቁልፍ እንካ» አለችው።

«እውነት ትንፋሼን ስትቆጥሪ ነበር?»

«ጎንህ ሆኜ ስቆጥር ‹ምን ታፈጥጪብኛለሽ› ብለህ ተቆጣህ። ስለዚህ ሳሎን ወጥቼ በበሩ ክፍተት አዳምጥሃለሁ። አርባ ሲሞላ ሮጬ መጥቼ እገፋሃለሁ። ጠዋት ደግሞ ከማን ጋር ነበርሽ ትለኛለህ!»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«የእኔን ቃል መቼ ሰምተህ ታውቃለህ? አንተ የምትሰማው ሕልምህን ነው።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ተነሥቶ ሻንጣውን ከእጇ ተቀበለና ልጁን «ሐኪሙ የት ነው ያለው?» አለው።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሱሪ ይዤ ሄድሁ። ልብስ ሰፊው ፊቱ ወዝ አግኝቷል፤ መኪናው ያለማቋረጥ ያንጎራጉራል። ሆስፒታል የመለኪያ ገመድ ተለጥፎበት አንድ ሌሊት ተኝቶ ተመርምሯል፤ አሁን አየር የሚነፋ ጭምብል አድርጎ ይተኛል። አናቂውም ከዚያ ወዲህ አልመጣም። በቀን ማንቀላፋቱ ቀርቷል፣ ግፊቱ ወርዷል፣ የደንበኞቹም ሱሪ እግሩ እኩል ሆኗል። ሚስቱ ወደ መኝታ ቤቷ ተመልሳለች።

«ዛሬ ጠዋት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ ሦስት ሰዓት ተኛች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት። ዓይኗ ከሽፋኑ ሥር ይሯሯጣል፤ ሕልም ላይ ናት። ደግሞ ፈገግ አለች።»

«እርስዎስ?»

«ያው የድሮው ነገር መጣብኝ። ማንን አይታ ይሆን? ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ስትነቃ ግን ‹ደህና አደርሽ?› ብቻ አልኋት።»