አትንካ የተባልኩት ግድግዳ

ስሙኝማ! ደባርቅ ላይ አንድ የማከራየው ቤት ነበረኝ። ከጊች መንደር ገብስ የምጭንባቸውን በቅሎዎች ሸጬ፣ የዘመመውን አቃንቼ፣ ቆርቆሮ አልብሼ ለአንድ አስተማሪ አከራየሁት። ኪራዩን ቀምሼ ሳልጠግብ ትርፍ ቤት ተወረሰ ተባለ። ለእኔ የቀረችኝ የምኖርባት የሣር ጎጆ ብቻ ሆነች። ክረምት ሲገባ አስተማሪው ዝናብ እየደበደበው ደጄ መጣ። «ጋሼ፣ የጓሮው ግድግዳ በውሃ እየተሸረሸረ ነው። ቀበሌ ባመለክት በጀት ሲመጣ አሉኝ» አለ። ኧረ ግድግዳ በጀት ይጠብቃል? ጭቃዬን በጭድ አቡክቼ፣ በባልዲ ተሸክሜ ሄድኩና መመረግ ጀመርኩ። እጄ እንደሆነ ያንን ግድግዳ ለምዶታል። የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቤቴን እየመረግሁ» አልኩት፤ ከአፌ አመለጠኝ።

«የማን ቤት? የሰፊውን ሕዝብ ንብረት አትንካ!»

እኔም ጭቃዬን ይዤ ተመለስኩ። ነሐሴ ሳያልቅ ቤቱ ተደረመሰ፤ ደግነቱ አስተማሪው ውጭ ነበር። ቀበሌ ፍርስራሹን አንሡ ብሎ ሰፈሩን በሙሉ ለዘመቻ ጠራን። ቤቱን ሳድስ በትከሻዬ ተሸክሜ ያስገባሁት የጽድ ምሰሶ ጭቃው ውስጥ ተጋድሞ አየሁት። ፊቱ ቆሜ ቀረሁ። ያው ሊቀ መንበር መጣና «አንሣው እንጂ! ምን ይገትርሃል?» አለኝ።

በትከሻዬ ያስገባሁትን በትከሻዬ አወጣሁት።