ቀድሟት የሄደው ወንበር

ወደ ፒያሳ ስንሄድ ጋቢና የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗን ከፊታችን ካለው ታክሲ አልነቀለችም።

«ሹፌር፣ እንዳያመልጠን።»

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉ ከኋላዋ የተቀመጡት እናት።

«ተሽከርካሪ ወንበሬ እሱ ላይ ነው፣ እማማ። የኛ ታክሲ ፖርቶመጋላ የለውም፤ ያኛው ደግሞ ሰው ሞልቷል። ተራ አስከባሪዎቹ ‹ሁለቱም ፒያሳ ናቸው› ብለው ለያዩን።»

«እዚያ የሚቀበልሽ አለ?»

«የለም። መንገዱ ተስተካክሏል፣ በወንበር ይኬዳል ሲሉኝ ያደግኩበትን ሰፈር ብቻዬን ልዞረው ነው የወጣሁት።»

ቸርችል ዳገት ላይ መብራት ያዘን። ያኛው አለፈ።

«ቆሞ ይጠብቀኛል፣ አይደል?»

«ይጠብቃል» አለ ሹፌሩ። «ነግረውታል አይደል ወንበሩ ያንቺ እንደሆነ?»

«እኔን ተሸክመው እያስገቡኝ ነበር። አላየሁም።»

መብራቱ ለቀቀን። ከፊታችን ብዙ ታክሲ አለ፤ ወንበር የጫነ ግን አይታይም።

መውረጃዬ ደረሰ፤ «ወራጅ» ሳልል አለፍኩት።