ከውስጥ የሚከፈት ፍርግርግ

በኮሮና ጊዜ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ከጆበርግ ወደ ቴምቢሳ ሰፈር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ። ከፊቴ ጭንብል ያጠለቁ ሁለት የአገሬ ልጆች ተቀምጠዋል፦ አንዱ ወጣት ባለሱቅ፣ ሌላው ጠና ያለ በያጅ።

«ጋሼ፣ የመበየጃ ማሽን ልገዛ ነው» አለ ወጣቱ።

«ሱቁን ልትተው?»

«ኧረ ለራሴ ደስታ ነው። ሎክዳውን ላይ ቪዲዮ ሳይ ከርሜ ለከፈኝ። በኤሌክትሮድም፣ በሽቦም፣ በአርጎን ጋዝም የሚበይድ አንድ ማሽን አይቻለሁ።»

«እሱን ግዛ፤ ግን በትከሻህ የምታንጠለጥለው ይሁን። ያለ ጋዝ በሚሠራው ሽቦ ጀምር። አርጎኑ እጅህ ሲፈታ ይደርሳል።»

«የሱቄ መብራት ይችለዋል?»

«ለቀጭን ብረት ይችላል፤ ፍሪጁን ነቅለህ በይድ። ምን ልትሠራበት ነው?»

«ወንበር፣ መደርደሪያ። በተዋስኩት ማሽን እኮ የሱቄን መስኮቶች በሙሉ በፍርግርግ ዘግቻቸዋለሁ። ሌባ ይቅርና ድመትም አታልፍ!»

«የምትተኛው እዚያው ነው?»

«አዎ፣ እቃው መሀል።»

«እሳት ቢነሳ በየት ትወጣለህ?»

«በበሩ ነዋ!»

«እሳቱ በበሩ በኩል ቢሆንስ?»

ወጣቱ መስኮቶቹን በጣቱ ቆጠረ፤ አንድም ያልተዘጋ የለም።

«ወንበሩ ይቆይ። አንዱን ፍርግርግ ቁረጠውና ማጠፊያ በይድለት፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሁን። ቅዳሜ መጥቼ አብረን እንሠራዋለን።»

«ሹር ጋሼ፣ ቅዳሜ!»

እኔ ከኋላቸው ሆኜ፣ ሌባ ፈርቼ ወንድሜን ሱቃችን ውስጥ እንደተኛ ከውጭ የቆለፍኩበትን ቁልፍ በኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት።