በዓሣው በኩል ያለው በር

ቫሌንሲያ ከተማ፣ ስፔን፤ ከጎዳና ሩጫው ማግስት፣ ጠዋት። በትልቁ የምግብ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሯጮች፣ ጠጅቱ እና ታናሽ ጓደኛዋ ብርቄ፣ ከአሳማ ሥጋ መሸጫ ፊት ቆመው በሹክሹክታ ይነጋገራሉ።

ብርቄ፦ አላደርገውም! አላደርገውም አልኩሽ እኮ ጠጄ። ሌላ ነገር ለምኚኝ።

ጠጅቱ፦ ቀስ በይ! ወደ በሩ አትዙሪ። ሥጋውን እያየሽ አውሪኝ።

ብርቄ፦ ምኑን ነው የማየው? የአሳማ እግር ከነሰኮናው እንደ ካፖርት ተሰቅሎ!

ጠጅቱ፦ የምትገዢ ምሰይ። መርዕድ በር ላይ ቆሞ ስልክ እያወራ ነው፤ ዓይኑ ግን እኛ ላይ ነው።

ብርቄ፦ ባልሽ እኮ ነው! ለኔ ደግሞ አሰልጣኜ። «ጠጅቱ የት ሄደች?» ሲለኝ «በዓሣ መሸጫው በር ወጥታ ጠፋች» ልበለው?

ጠጅቱ፦ «ሽንት ቤት ናት» በይው። ከዚያ ሌላ አልጠየቅኩሽም።

ብርቄ፦ እኔ ስዋሽ ወዲያው ያስታውቅብኛል።

ጠጅቱ፦ ትናንት ያን ሁሉ አገር የሮጠ እግር ዛሬ እዚያ ዓሣው ጋ መድረስ አቃተው።

ብርቄ፦ በዓሣው በር ወጥተሽስ? ማን አለሽ እዚህ አገር?

ጠጅቱ፦ ዙፋን አለች።

ብርቄ፦ ዙፋን ደግሞ ማናት?

ጠጅቱ፦ ሆቴሉን የምታጸዳዋ የደሴ ልጅ። ትናንት ማታ ፎጣ ልትቀይር ገብታ የክንዴን ሰንበር አየችው። አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። «ነገ ገበያ ከሄዳችሁ በዓሣው በኩል ሌላ በር አለ፤ ነጭ መኪና ይዤ እቆማለሁ። ፖሊስ ጋ እወስድሻለሁ፤ ከባሎቻቸው የሸሹ ሴቶች የሚያርፉበት ቤት አለ» አለችኝ።

ብርቄ፦ ትናንት ያየሻትን ሴት አምነሽ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም? ሸጣሽ ብትሄድስ?

ጠጅቱ፦ እሱንም አስቤዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ነው ያሰብኩት።

ብርቄ፦ ታዲያ! ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።

ጠጅቱ፦ ሰይጣኑን የማውቀው እኔ ነኝ ብርቄ። አንቺ አይደለሽም።

ብርቄ፦ ...ሴትዮዋ ምን ትለናለች? ያቺ፣ ባለ ሽርጧ።

ጠጅቱ፦ ቅመሱ ነው የምትለው። ፈገግ በይላትና ወደዚያኛው እንለፍ። ቀስ ብለሽ ተራመጂ፤ እንደ ጎብኚ።

ብርቄ፦ ነፍሳችን ልትወጣ ደርሳ ምን ጉብኝት አለ... እናቴ ድረሺ! ይሄ ነገር ይንቀሳቀሳል!

ጠጅቱ፦ አትጩኺ! ቀንድ አውጣ ነው።

ብርቄ፦ በመረብ ሞልተው የሚሸጡት ሊበሉት ነው? ከነነፍሱ?

ጠጅቱ፦ ይበሉታል። እንዳንቺ ሲነኩት ቤቱ ውስጥ የሚደበቅ ሁሉ ይበላል።

ብርቄ፦ አትስደቢኝ። እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም። መርዕድ እንደሚመታሽም የልምምድ ካምፑ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ጠጅቱ፦ የማያውቅ ከሌለ ለምን ዝም አላችሁ?

ብርቄ፦ ...ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እያልን ነዋ። ዛሬ ብንገባ ነገ ትታረቁና እኛ መሀል ሜዳ እንቀራለን እያልን። ደግሞ እሱ ከካምፑ ካስወጣኝ እኔ ምን ይዤ ነው በቆጂ የምገባው? ፓስፖርታችንም እሱ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ጠጅቱ፦ ያለ ፓስፖርትም ፖሊስ ይሰማሻል ብላኛለች ዙፋን። ብርቄ፣ ስሚኝ። ዱላው ቢሆን እችለው ነበር። ስድስት ዓመት ችዬዋለሁ።

ብርቄ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ጠጅቱ፦ አምና ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል?

ብርቄ፦ ወባ ይዞሽ?

ጠጅቱ፦ ወባ አልነበረም። ፅንስ ወርዶብኝ ነው። መርፌ ይወጋኝ ነበር። «ቫይታሚን ነው» ይለኛል። እምቢ ስል አንገቴን ይዞ ይወጋኛል። ልቤ እየደለቀ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ደም መጣ።

ብርቄ፦ ወይኔ ጠጄ...

ጠጅቱ፦ አሁንም አርግዣለሁ።

ብርቄ፦ ምን? ትናንት ይዘሽው ነው የሮጥሽው?

ጠጅቱ፦ ይዤው ነው የሮጥኩት። በየኪሎ ሜትሩ «ቻለው የኔ ልጅ፣ ቻለው» እያልኩ።

ብርቄ፦ መርዕድ ያውቃል?

ጠጅቱ፦ ቢያውቅ እዚህ ቆሜ አወራሽ ነበር? ከገና በፊት ሌላ ሩጫ ተፈራርሞልኛል። ዛሬ ጠዋት ሻንጣውን ሲከፍት አየሁ፤ መርፌው ተዘጋጅቷል። አገር እንደገባን ይወጋኛል። ይሄኛውም ይወርዳል፤ ምናልባት እኔም አብሬ።

ብርቄ፦ የመርፌው ብልቃጥ... ክዳኑ ቢጫ ነው?

ጠጅቱ፦ ቢጫ ነው። አንቺ በምን አወቅሽ?

ብርቄ፦ ቅዳሜ እኔንም ወግቶኛል።

ጠጅቱ፦ ምን አልሽ?

ብርቄ፦ «ለድካም ነው፣ ለጠጅቱ እንዳትነግሪ፣ ትቀናብሻለች» ብሎኝ። ሌሊት ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ። እኔ የሩጫው ፍርሃት መስሎኝ ዳዊት ስደግም አደርኩ።

ጠጅቱ፦ እኔንም እንደዚሁ ነው የጀመረኝ። ልክ እንደዚሁ፣ «ለድካም ነው» ብሎ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ወንዝ።

ብርቄ፦ ጠጄ፣ እሞታለሁ እንዴ?

ጠጅቱ፦ አትሞቺም። አብረሽኝ ነይ! ሁለታችንም እንውጣ፤ መኪናው ይበቃናል።

ብርቄ፦ አልችልም። እናቴ በኔ ነው የምትኖረው። እና ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ብንጠፋበት እሱ... ጠጄ።

ጠጅቱ፦ ምንድን ነው?

ብርቄ፦ በሩ ላይ የለም።

ጠጅቱ፦ እንዴት የለም? አሁን ስልክ ያወራ አልነበረም?

ብርቄ፦ ስልኩን ጨርሷል። ገብቷል። ያውልሽ፣ የወይራ ፍሬው ጋ። እየፈለገን ነው።

ጠጅቱ፦ አየን?

ብርቄ፦ ገና ነው። ግራ ቀኝ ያያል። አትዙሪ!

ጠጅቱ፦ በቃ። ቀረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ነይ፣ ብርቱካን ገዝተን አብረነው እንውጣ።

ብርቄ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ጠጅቱ፦ ዓሣው ጋ እስክደርስ መንገዱ ገላጣ ነው። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ያየኛል። ሲይዘኝ ደግሞ እዚህ አይናገረኝም፤ እየሳቀ ነው የሚወስደኝ። የሚሆነውን አውቀዋለሁ ብርቄ፣ የክፍላችን በር ሲዘጋ የሚሆነውን...

ብርቄ፦ ተንፍሺ። ጠጄ፣ እይኝ። ተንፍሺ። ኮፍያሽን አውልቂና ስጪኝ።

ጠጅቱ፦ ምን ልታደርጊ ነው?

ብርቄ፦ ቀዩን ኮፍያሽን ነው የሚፈልገው፤ አምጪው። ያቺን ባለ ጋሪ አሮጊት ታያለሽ? በእሷ ከለላ ሂጂ። እንዳትሮጪ። ስጮህ ብትሰሚ እንዳትዞሪ።

ጠጅቱ፦ አንቺስ? ይገድልሻል እኮ!

ብርቄ፦ እዚህ ሁሉ ሰው መሀል አይገድለኝም። ፖሊሶቹን «ሌላም አለች፣ ብርቄ ትባላለች፣ እሷም ተወግታለች» በያቸው። ሆቴሉን ዙፋን ታውቀዋለች። ቶሎ ይምጡልኝ፤ አውሮፕላን ሳያሳፍረኝ።

ጠጅቱ፦ ብርቄ፣ እኔ ላንቺ...

ብርቄ፦ ሂጂ! ዞረ! ሂጂ እንግዲህ፣ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ!

ጠጅቱ፦ አንቺንም እናቱ አድርጌ ነው የማሳድገው። እመለስልሻለሁ፤ በማርያም እመለስልሻለሁ።

ብርቄ፦ ኮች! ኮች፣ ድረስልኝ! እግሬን፣ ባቴን ያዘኝ፣ ተኮማተረ! ወድቄያለሁ፣ አያነሳኝም! ኧረ ሰው፣ ሰው! ... ጠጅቱ? ሽንት ቤት ናት፣ ትመጣለች፣ ተዋት አሁን! መርፌ አልፈልግም፣ ሐኪም ጥራልኝ! ... አይ፣ አትሂድ፣ የት ነው የምትሄደው? እግሬን ያዝልኝ ኮች፤ ሐኪሙ እስኪመጣ እንዳትለቀው!