ደግ ተብሎ የተጻፈው ሰው

ከወልቂጤ ወደ አገና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። የሚያወሩት ስለ አንድ የዳይስ ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ፈጥሮ ጠባዩን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ታሪኩን የሚመራው ባለ መነጽሩ ነው። እሱ ጠየቀ።

«ያንተን ሰው ደግ ነው ብለህ ጽፈሃል አይደል?»

«አዎ፣ ደግ ነው።»

«ታዲያ ጨዋታው ላይ የባልቴቷን እንሰት ለምን ጨፈጨፈው?»

«ሁሉም ሲቆርጥ ቆሞ ይይ እንዴ?»

«እንግዲያው ደግ የሚለውን ሰርዘው።»

«ምን ታካብዳለህ? ጨዋታ እኮ ነው። እንሰቱም የለ፣ ሴትየዋም የለች።»

«አለች። እናቴ ናት። ጓሮውም የኛ ነው።»

«ምን?»

«ስንት ዓመት የተንከባከበችውን እንሰት በአንድ ጠዋት ጨረሱት።»

«እነማን?»

«ጎረቤቶቻችን። አንዱን ለምን ብዬ ጠየቅኩት።»

«ምን አለህ?»

«ሁሉም ሲቆርጥ ቆሜ ልይ እንዴ አለኝ።»

ጓደኛው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አወጣ።

«እሺ፣ እሰርዘዋለሁ።»

«ተወው። ያ የጠየቅኩት ጎረቤታችንም ሰፈር ውስጥ ዛሬም ደግ ነው የሚባለው።»

መውረጃዬ ሲደርስ ባለ መነጽሩ ድምፄን እንዳያውቀው ፈርቼ «ወራጅ አለ» ሳልል አልፌው ሄድኩ።