የሟች ባሏ ሞተር

ከአኖ ወደ ነቀምቴ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት ያዋሯታል፤ እኔ ከኋላቸው ሆኜ እሰማለሁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቤንዚን ቤንዚን ሸተትሽኝ።»

«ጠዋት የሞተሬን ካርቡሬተር ሳስተካክል እጄን ነክቶኝ ነው፣ ኦቦ።»

«ሞተር? የማን?»

«የባሌ ነበር። እሱ ሲሞት ወንድሞቹ ‹አይሠራም፣ ይሸጥ› አሉ።»

«እውነትም አይሠራም?»

«ቤንዚን እየበዛበት ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። ባሌ ሲያደርግ እንዳየሁት የካርቡሬተሩን ብሎን ቀስ እያልኩ አዞርኳት፤ ድምፁ ጠራ።»

«ታዲያ ሰጡሽ?»

«መች ለመንኳቸው! ዓይናቸው እያየ ነድቼው ወጣሁ።»

«ሴት ልጅ በሞተር! ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ።»

«ዛሬስ ለምን በታክሲ?»

«መንጃ ፈቃዴን ልቀበል ነዋ፤ ያለሱ ከተማ ስገባ ትራፊክ ይይዘኛል! ከእንግዲህ ማንም ከላዩ አያወርደኝም።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ወራጅ ሳልል አለፍኩት።