ከምልክቱ ወዲያ ያለችው ሳጥን

ያን ቀን ጠዋት ወደ ረግረጉ ዳር የሄድኩት ሳጥን ልወስድ እንጂ ሰው ላገኝ አልነበረም። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ክፍል ስሠራ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ከሰው ጋር ብዙ ማውራት ስለማይሆንልኝ የወረቀት ሥራ ይስማማኛል። አንድ የላስቲክ ከረጢትና አንድ ቅጽ ይዤ «መግባት ክልክል ነው» ከሚለው ምልክት አልፌ ወደ ዘመመው ዛፍ ስጠጋ፣ አንድ ሽማግሌ ከሥሩ ተንበርክከው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ትንሽ ደብተር ሲያገላብጡ አየሁ።

«ደህና አደሩ፣ አባቴ።»

«ደህና አደርሽ፣ ልጄ። አንቺም ሳጥን ፈላጊ ነሽ?»

«ፈላጊስ ፈላጊ ነኝ፤ ግን አግኝቼ የምመልስ ሳልሆን የምወስድ ነኝ» አልኩና የደረት መታወቂያዬን አሳየኋቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ውሃ የማያስገባ ትንሽ ሳጥን የሆነ ቦታ ይደብቅና የቦታውን የካርታ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ይፈልገዋል፤ ሲያገኘው ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ቀኑንና የጨዋታ ስሙን ጽፎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የሚያስከፋ ነገር የለውም። ችግሩ ሳጥኑ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ሽማግሌው መታወቂያዬን አንብበው ሳጥኗን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ይቺ የእጄን መዳፍ የማታክል ነገር ደን በላች? ውሃ ጠጣች?»

«ሳጥኗማ ምንም አላደረገችም። ጉዳቱ ወደ እሷ ከሚመጣው እግር ነው። እስቲ ዞር ብለው መሬቱን ይዩት።»

ዞር አሉ። ከምልክቱ እስከ ዛፉ ድረስ ሣሩ ተረጋግጦ ጭቃ ሆኗል፤ አንዱ ጭቃውን ሸሽቶ በጎን ሲያልፍ ሌላ መንገድ አውጥቷል፤ ሰባት ቀጫጭን መንገዶች ቆጥሬያለሁ። ከአንደኛው ዳር፣ ሣር ውስጥ፣ ወፏ ጥላው የሸሸችው ጎጆ ነበር። ሁለት እንቁላሎች ቀዝቅዘው ተኝተዋል።

«ወፍ ሌላ ቦታ ትጥላለች» አሉ። ድምፃቸው ግን የመጀመሪያው አልነበረም።

«ሌላው ቦታ ደርቋል፣ አባቴ። የቀረው ይሄ ነው። ስለዚህ ነው ከሦስት ዓመት በፊት የታጠረው። ጨዋታው አልተከለከለም እኮ። ፈቃድ ጠይቀው ከእግረኛው መንገድ ሳይርቁ ያኖሩታል፤ አይቀበር፣ ዛፍ ላይ አይቸነከር፣ በወር አንዴ ይታይ ነው የሚለው ደንቡ።»

«ደንብ እኔን አታስተምሪኝ!» አሉ ሳቅ እያሉ። «ሠላሳ ዓመት መኪና መንዳት ያስተማርኩ ነኝ። እሰፈራችን ገብተሽ "ጋሽ ፍሬን" ብትዪ ሕፃን እንኳ ቤቴን ያሳይሻል። ፍሬን ያዝ፣ ፍሬን ያዢ ስል ነው ጉሮሮዬ ያለቀው።»

እኔም ከየት እንዳመጣሁት በማላውቀው ድፍረት፣ «ታዲያ ጋሼ፣ መንገዱ ባዶ ነው ብሎ ቀይ መብራት የጣሰ ተማሪ ያሳልፉ ነበር?» አልኳቸው።

«ይወድቃል! ቀይ ቁም፣ ቢጫ ተዘጋጅ፣ አረንጓዴ እለፍ። ልጄ ከፊደል በፊት የቆጠረችው ይሄን ነው። ምልክት ያየ ዓይን አይከራከርም እያልኩ ነው...» ድንገት አቆሙ። የቆሙበትን አዩ፤ ከኋላቸው የተተከለውንም ምልክት አዩ። «ይሄኛው ሌላ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እንዴት ሌላ ሆነ?»

ዛፉ ሥር ተቀመጡ። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

ሳጥኗን የደበቋት ከልጃቸው ጋር ነበር፤ እሷ አሥራ አምስት ዓመቷ፣ ቦታውም ያልታጠረበት ጊዜ። እሁድ እሁድ አብረው ይፈልጉ ነበር። የእሳቸው የጨዋታ ስም «አንደኛ ማርሽ»፣ የእሷ «ሁለተኛ ማርሽ»። አድጋ አንድ ወጣት ለማግባት ፈለገች። ወጣቱ ደግሞ እሳቸው ዘንድ ሦስት ጊዜ የመንጃ ፈተና የወደቀ ነበር።

«ሰው በተሰበሰበበት፣ "መኪና መንዳት ያቃተው ትዳር ሊነዳ ነው?" አልኩ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።» ደብተሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከሄደች አራት ዓመቷ። ስልኳን ቀየረች፣ ቤቷን ቀየረች። ሳይቀየር የቀረ የማውቀው ይቺን ሳጥን ብቻ ነው። አንድ ቀን መጥታ ትጽፋለች ብዬ በየወሩ አያለሁ። አሁን አንቺ ከወሰድሻት የት ትጽፍልኝ?»

ቅጹን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ሌላ ነገር ታወሰኝ። ሳጥን ከማንሳታችን በፊት የኢንተርኔቱን ገጽ ማየት ግዴታችን ነው፤ ሳጥኑን ያጡ ሰዎች አስተያየት የሚጽፉት እዚያ ነው። ያን ቀን ግን ሳላየው ነበር የመጣሁት።

«ጋሼ፣ ገጹንስ ያዩታል?»

«የቱን ገጽ? እሱን የምታውቀው እሷ ነበረች። እኔ የማውቀው ደብተሩን ነው።»

ስልኬን አውጥቼ ገጹን ከላይ ወደ ታች ሳብኩት። እጄ ቆመ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። የተጻፈው ይህ ነበር፦ «እስከ ምልክቱ ድረስ መጣሁ። ክልክል ይላል። ተመለስኩ። ሁለተኛ ማርሽ።» ከእሱ ከፍ ብሎ፣ ከዓመት በኋላ የተጻፈ ሌላ፦ «ዘንድሮም መጣሁ። ምልክቱ አልተነሳም። ሁለተኛ ማርሽ።» የሁለቱም ቀን አንድ ነው፤ ገጹ አናት ላይ የሰፈረው፣ አባትና ልጅ ሳጥኗን የደበቁበት ቀን።

ሽማግሌው ብዙ ጊዜ አነበቡት። እኔ ወደ ረግረጉ አየሁ።

«ሃያ እርምጃ» አሉ በመጨረሻ። «ሃያ እርምጃ ላይ ቆማ ተመለሰች። ያስተማርኳትን ይዛ።»

«እኔ ሕጉ የሚለያየን መስሎኝ ነበር» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። «ለካ የለያየን የእኔ መጣስ ነው።»

የተማረ ሰው፣ ሌላውን ለማሳመን ብዙ ቃል ያስፈልጋል ብሎ ያስባል። እኔ ስለ ወፏና ስለ ሣሩ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ እሳቸውን ያሳመናቸው ግን ደንብ ያከበረች ልጃቸው ናት። ደብተሩን ሳጥኗ ውስጥ መልሰው በገዛ እጃቸው ሰጡኝ፤ በመጣንበት እግር በእግር ተመለስን፣ ስምንተኛ መንገድ እንዳናወጣ።

ፈቃዱ በሳምንቱ ወጣ። ሳጥኗ ከእግረኛው መንገድ ዳር፣ ከአንድ አግዳሚ ወንበር ሥር ገባች፤ ክዳኗ ላይ ስማቸውና ስልካቸው ተጽፏል። ገጹ ላይ የቦታ ለውጥ ማስታወቂያ የምንጽፈው እኛ ስለሆንን፣ የሚጻፈውን እሳቸው ነገሩኝ፦ «ሳጥኗ ወደ መንገድ ዳር ወጥታለች። ምልክቱ ልክ ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን መሳቄም ጥፋቴ ነው። አንደኛ ማርሽ።»

አሁን ሰባቱ መንገዶች በሣር እየተሸፈኑ ነው፤ ወፎቹም ተመልሰዋል። ድሮ ጭቃውን ፈርተው የሚቀሩ አሮጊቶች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ መምህር ሳይቀሩ ደብተሩ ላይ ጽፈዋል። ጋሽ ፍሬን ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ከመንገድ ሊወጣ የሚቃጣውን ሁሉ «ፍሬን!» ይሉታል፤ ሣር ከተረገጠ ወፍ እንደሚሸሽ፣ የተሸሸገ ሳጥን ተወስዶ እንደሚቀር፣ በፈቃድ የተቀመጠ ግን ለፈላጊው ሁሉ እንደሚቆይ ያስረዱታል። ከእኔ የተሻሉ አስተማሪ ሆነዋል።

የልጃቸው መልስ የመጣው ማስታወቂያው በወጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ስልኬን ይዤ ጋሽ ፍሬን ወደተቀመጡበት እየሮጥኩ ሄድኩ፤ በሕይወቴ ለሥራ ሮጬ አላውቅም። ገጹ ላይ ያለው ሁለት ቃል ነበር፦ «ቢጫ በርቷል።»

አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ እንደገና አነበቡት።

«አሁኑኑ ይጻፍላት፣ ጋሼ? ቶሎ ነይ ልበላት?»

«ተይ፣ ልጄ» አሉ። «ቢጫ ላይ ጥሩምባ አይነፋም። ይጠበቃል።»

ከዚያም ወንበሩ ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተዉና፣ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተከሉ።